ከመጥረቢያው በፊት እርሳስ
ዛፍ ከራዲዮ ሞገድ ላይ ምን ያህል ይወስዳል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ አንድ የወረዳ ከተማ ሄደን ሳለ፥ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ብቻ የቀረው ደብዳቤ ተቀምጦ አየን። የደብዳቤው ቃል አጭር ነበር፤ ይኸውም ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የባሕር ዛፍ ተክል የራዲዮ መገናኛውን ስለ ጋረደ፥ ባለቤቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቈርጦ እንዲያነሣ የሚያዝ ነበር። ጤና ጣቢያው የሚገኘው ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የመድኃኒት መጠየቂያውንና ወደ ሆስፒታል የሚተላለፉትን ሕሙማን ጉዳይ የሚልከው ከከተማው ምሰሶ ጋር በሚገናኝ የራዲዮ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በተተከለበት ጊዜ ደኅና ይሠራ ነበር፤ ዛፎቹ እያደጉ ከሄዱ ወዲህ ግን አንድ ቀን ይሠራል፥ አንድ ቀን ይጠፋል።

የተክሉ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ደብዳቤው ወሬ ሰምተው ኖሮ፥ በማለዳ መጥተው ከበር ቆመው ነበር። ወጣቱ ኃላፊ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸውና፥ «አባባ፥ የሕዝብ ጤና ነገር ሆኖብን ነው እንጂ እርስዎን ለመጉዳት አይደለም» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ የሕዝብ ጤና ከሆነስ ዛፉ ይቈረጥ። ነገር ግን ይህ ተክል የልጅ ልጄ ማስተማሪያ ነው። ዛፌን ከቈረጣችሁት በኋላ መሣሪያው አልሠራ ቢል፥ መልሳችሁ ታቆሙልኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው መካከል ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው ሰው አልተገኘም። ዛፉ የራዲዮውን ኃይል እንደሚቀንስ ሁላችንም እናውቃለን። ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን የጠየቀ አልነበረም። ዓይን «ጋርዶታል» ብሎ ፈረደ፤ ብዕሩም ለመፈረም ተዘጋጀ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ለገበሬ ጥላ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን። አጣናው ለቤት መሥሪያ ይሸጣል፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለማገዶ ይሆናል፤ በችግር ቀን እንደ ባንክ ቍጠባ የሚወጣ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት በግምት ብቻ ማስቈረጥ አይገባም፤ የሕሙማንንም መልእክት በግምት ብቻ ማስቀረት አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዛፍ ከራዲዮ ሞገድ ላይ የሚወስደውን መጠን አስቀድሞ መገመት ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ ግምቱ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቅጠል ለሞገድ ምኑ ነው?

ብርሃንና የራዲዮ ሞገድ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ልዩነታቸው በሞገዱ ርዝመት ነው። ፍሪኩዌንሲ የምንለው ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ የሚነግረን ቍጥር ሲሆን፥ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ መጠን ሞገዱ እያጠረ ይሄዳል። በ1 ሜጋ ኸርዝ፥ ማለት በመካከለኛ ሞገድ በሚሰማው ራዲዮ፥ አንዱ ሞገድ 300 ሜትር ይረዝማል። በ100 ሜጋ ኸርዝ፥ ማለት በኤፍ ኤም ጣቢያዎች አካባቢ፥ 3 ሜትር ይሆናል። በእጅ ስልክ 900 ሜጋ ኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጤና ጣቢያው ዓይነት መገናኛ በሚያገለግለው በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

እንግዲህ 300 ሜትር የሚረዝም ሞገድ ለአንድ ዛፍ ደንታ የለውም፤ ዝሆን በሣር ላይ እንደሚሄድ ያልፈዋል። አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው ሞገድ ግን ከባሕር ዛፍ ቅጠል ርዝመት ያንሳል። እያንዳንዱ ቅጠልና እያንዳንዱ ቀንበጥ መሰናክል ይሆንበታል።

ዛፍ ሞገድን የሚያደክመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መምጠጥ ነው። ሕይወት ያለው ቅጠልና ግንድ በውስጡ ውሃ አለበት፤ ውሃው ከሞገዱ ኃይል ከፊሉን ወስዶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ዛፉ አይሰማውም፤ ተቀባዩ መሣሪያ ግን ይሰማዋል። ሁለተኛው መበተን ነው። ሞገዱ ቅጠልና ቅርንጫፍ በነካ ቍጥር ኃይሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ወደ ላይም ይረጫል፤ ወደ ፊት የሚቀጥለው የተረፈው ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ከዝናብ በኋላ፥ ቅጠሉ ረጥቦ ሳለ፥ በተለይ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መገናኛ ከደረቁ ቀን ይልቅ ይደክማል።

የጉድለቱ ሚዛን

ጉድለቱን ለመናገር መሐንዲሶች ዴሲቤል በሚባል ሚዛን ይጠቀማሉ። ሚዛኑ ለጀማሪ ስለሚያስቸግር በገንዘብ መስለን እናስረዳው። አንድ ሰው መቶ ብር ይዞ ጉዞ ጀመረ እንበል። 3 ዴሲቤል ከጐደለበት ግማሹ፥ ማለት 50 ብር ቀረለት። 10 ዴሲቤል ከጐደለበት 10 ብር ቀረለት። 20 ዴሲቤል ከሆነ 1 ብር፥ 30 ዴሲቤል ከሆነ 10 ሳንቲም ብቻ ይዞ ደረሰ ማለት ነው። የዴሲቤል ጥቅሙ፥ ጉድለቶች ሲከታተሉ ማባዛት ሳያስፈልግ መደመር ብቻ መብቃቱ ነው። በመጀመሪያው ተክል 10፥ በሁለተኛው ተክል 10 ቢጐድል በጠቅላላው 20 ሆነ፤ ከመቶው ብር አንድ ብር ቀረ።

አንባቢ «ከመቶ ብር አንድ ብር ቀርቶማ ምን መገናኛ አለ?» ይል ይሆናል። የራዲዮ ተቀባይ ግን በጥቂት የሚኖር ፍጡር ነው። ከአየሩ የሚለቅመው ኃይል ከተላከው እጅግ በጣም ጥቂቱን ነው፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ እንኳ ሞገዱ እየሰፋ ሲሄድ አብዛኛው በየአቅጣጫው ይበተናል። ስለዚህ መሐንዲሱ መገናኛውን ሲያቅድ፥ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ያስቀምጣል። መሣሪያው ለመሥራት ከሚፈልገው በላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚተርፍ አስልቶ ማወቅ አለበት። ዛፉ የሚወስደው ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ነው። ዛፉ ከወሰደ በኋላ መጠባበቂያ ከቀረ መገናኛው ይኖራል፤ ካለቀ ይሞታል። ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ አንድ ቀን ይሠራል፥ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ልክ እንደ ጤና ጣቢያው።

ከጫካ የተገኘ ትምህርት

ይህን ጉድለት ለመለካት ብዙ ሰው የደከመው በጦርነት ምክንያት ነው። በሐሩር አገር ጫካ ውስጥ የሚዋጉ ወታደሮች፥ በሜዳ ላይ ብዙ ርቀት ይሰማ የነበረው ራዲዮናቸው በጫካ ውስጥ ባጭሩ ይቀርባቸው ነበር። ሄርብስትራይትና ክሪችሎው የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ጫካ የራዲዮን ኃይል እንዴት እንደሚቀንስ የለኩትን በ1964 አሳትመዋል። በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት ጃንስኪና ቤይሊ የተባለ የአሜሪካ መሐንዲሶች ድርጅት፥ በታይላንድ አገር በፓክ ቾንግ አካባቢ ባለው ጫካ ውስጥ፥ ላኪና ተቀባይ መሣሪያ እየተከለ በብዙ ፍሪኩዌንሲና በልዩ ልዩ ርቀት ሰፊ ልክ አደረገ።

ከእነዚህ ልኮች አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ጫካው ሞገዱን በየሜትሩ እኩል የሚመጥጥ ቢሆን ኖሮ፥ አንድ ኪሎ ሜትር ጫካ ካለፈ በኋላ ምንም ነገር ባልተሰማ ነበር። ነገር ግን ደካማም ቢሆን ይሰማል። ሞገዱ በየት በኩል አለፈ?

ለዚህ ጥያቄ የታወቀውን መልስ የሰጡት ቴዎዶር ታሚር የተባሉ ሊቅ ናቸው። በ1967 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ በጫካ ውስጥ ካለ ላኪ የተነሣው ሞገድ በተለይ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ከግንድ ጋር እየታገለ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሽቅብ ወደ ዛፉ ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በጫካው ጣራና በአየሩ ወሰን ላይ እየተንሸራተተ ይጓዛል፤ በመጨረሻም ወደ ተቀባዩ ቍልቍል ይወርዳል። የገበያ መንገድ በሰው ቢጨናነቅበት ከግንቡ ላይ ወጥቶ በግንቡ ጫፍ እንደሚሄድ ልጅ ማለት ነው። መውጣቱና መውረዱ ያደክመዋል፤ ግንቡ ላይ ከወጣ በኋላ ግን መንገዱ ይቀለዋል።

ከዚህ የምንማረው፥ ዛፍ የሚወስደው ኃይል በየሜትሩ እኩል አለመሆኑን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙ ይወስዳሉ፤ የኋለኞቹ እያነሰ የሚሄድ ይወስዳሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። ስለ ሰፊው ጫካ ሲገምት ጉድለቱን ያጋንናል፤ ስለ አንድ መሥመር ዛፍ ሲገምት ደግሞ ይንቀዋል።

ሁለት ቀመሮች

ማርክ ዋይስበርገር የተባሉ መሐንዲስ በ1982 በአሜሪካ አገር፥ ከእርሳቸው በፊት የተለካውን ሰብስበውና መርምረው አንድ ቀመር አወጡ። ቀመሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ተማሪዎች ራሳቸው ሊሞክሩት ይችሉ ዘንድ እንደሚከተለው እንገልጸዋለን።

ሞገዱ በዛፍ ውስጥ የሚያልፍበት ጥልቀት ከ14 ሜትር በላይ እስከ 400 ሜትር ከሆነ፥ ጥልቀቱን በሜትር ወስደን በ0.588 አርቢ ከፍ እናደርጋለን። ፍሪኩዌንሲውን በጊጋ ኸርዝ ወስደን በ0.284 አርቢ ከፍ እናደርጋለን። ሁለቱን እናባዛና ውጤቱን በ1.33 እናበዛለን፤ የሚመጣው ቍጥር ጉድለቱ በዴሲቤል ነው። ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ያነሰ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል፤ ጥልቀቱን እንዳለ ወስደን፥ በፍሪኩዌንሲው ውጤትና በ0.45 ማብዛት ይበቃል።

እዚህ ላይ «ጥልቀት» ያልነው ሞገዱ በቅጠልና በቅርንጫፍ መካከል የሚያልፍበትን ርቀት ብቻ ነው። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለውን ጠቅላላ ርቀት አይደለም። ስድስቱን ኪሎ ሜትር በሙሉ በቀመሩ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከንቱ ቍጥር ያገኛል።

ለምሳሌ ያህል በ1 ጊጋ ኸርዝ እናስላ። 10 ሜትር ዛፍ 4.5 ዴሲቤል ይወስዳል። 100 ሜትር ዛፍ 20 ዴሲቤል፥ 400 ሜትር ዛፍ 45 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። ዛፉ አራት እጥፍ ሲበዛ ጉድለቱ ከሁለት እጥፍ ጥቂት ብቻ በለጠ ማለት ነው። ታሚር ያስረዱት ነገር በዚህ ቍጥር ውስጥ ጥላው ይታያል።

ሁለተኛው ቀመር የዓለም አቀፍ የራዲዮ አማካሪ ኮሚቴ በ1986 ያቀረበው ነው። በዚህኛው ፍሪኩዌንሲው በሜጋ ኸርዝ ተወስዶ በ0.3 አርቢ፥ ጥልቀቱም በ0.6 አርቢ ከፍ ይላሉ፤ ሁለቱ ተባዝተው በ0.2 ይበዛሉ። መልኩ ከፊተኛው ጋር ይመሳሰላል። ውጤቱስ?

50 ሜትር ጥልቀት ያለው የዛፍ ተክልና 900 ሜጋ ኸርዝ እንውሰድ። የዋይስበርገር ቀመር 12.9 ዴሲቤል ይላል፤ የኮሚቴው ቀመር 16.1 ይላል። በገንዘብ ብንመስለው፥ አንዱ ከመቶ ብር 5 ብር ተረፈ ሲል፥ ሌላው ሁለት ብር ተኩል አልሞላም ይላል። በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ልዩነቱ ይብሳል፤ አንደኛው 21.9፥ ሁለተኛው 28.1 ዴሲቤል ይሰጣል። ማለትም በአንደኛው 65 ሳንቲም፥ በሁለተኛው 15 ሳንቲም ይተርፋል።

ሁለቱም ቀመሮች የሊቃውንት ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ከልክ የመጡ ናቸው። ታዲያ ስለ ምን ተለያዩ? ምክንያቱም ዛፍ እንደ ብረት ወይም እንደ ብርጭቆ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ ተክል ጥቅጥቅ ያለ ነው፥ ሌላው ሳሳ ያለ ነው። አንዱ ሰፊ ቅጠል አለው፥ ሌላው ጠባብ ቅጠል አለው። የዋይስበርገር ቀመር በተለይ ለብ ባለ የአየር ጠባይ ለሚበቅሉ፥ ጥቅጥቅ ላሉ፥ ቅጠላቸው ሳይረግፍና ሳይረጥብ ላሉ ዛፎች የተዘጋጀ ነው። ቀመር ማለት በአንድ አገር ዛፎች መካከል የተገኘ አማካይ ነው። ወደ ሌላ አገር ዛፍ ሲሄድ እንደ እንግዳ ይሄዳል እንጂ እንደ ዳኛ አይሄድም።

ወደ ሽማግሌው ተክል እንመለስ

እኛም በዚያ ቀን ከወጣቱ ኃላፊና ከመሣሪያው ሠራተኛ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ሽማግሌውም ከኛ ጋር ነበሩ። ሠራተኛው የመሣሪያውን ወረቀት አውጥቶ ቢያሰላ፥ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የሚተርፈው መጠባበቂያ 23 ዴሲቤል ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በአንቴናው አቅጣጫ በዛፎቹ መካከል ሜትሩን እየዘረጋን አለፍን፤ ጥልቀቱ 50 ሜትር ያህል ሆነ።

አንባቢ ከላይ ያሉትን ቍጥሮች ያስታውስ። በዋይስበርገር ቀመር ጉድለቱ 21.9 ነው፤ ከ23 ላይ ሲቀነስ አንድ ዴሲቤል ያህል ይተርፋል፤ መገናኛው በጭንቅ ይኖራል። በኮሚቴው ቀመር ጉድለቱ 28.1 ነው፤ መገናኛው ከሞተ ቈይቷል። አንዱ ቀመር «አለ»፥ ሁለተኛው «የለም» አለ። እውነተኛው መሣሪያ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሆኖ አንድ ቀን አለ፥ አንድ ቀን የለም።

ወጣቱ ኃላፊ ይህን ሲያይ፥ «እንግዲያውስ ግማሹን ብቻ እናስቈርጥ፤ ግማሹ ለአባባ ይቅርላቸው» አለ። አሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን በእርሳስ ሲሰላ ሌላ ነገር ታየ። ጥልቀቱ ከ50 ወደ 25 ሜትር ቢወርድ የዋይስበርገር ጉድለት ከ21.9 ወደ 14.5 ይወርዳል። ግማሽ ዛፍ ተቈርጦ የተመለሰው የጉድለቱ ሢሶ ብቻ ነው! የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙ ይወስዳሉ ያልነው ይህ ነው። ሽማግሌው ግማሽ ሀብታቸውን ሲከፍሉ ጤና ጣቢያው የሚያገኘው የዚያን ያህል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሠራተኛው ቀና ብሎ ግቢውን ተመለከተ። የባሕር ዛፉ ተክል የወንዙን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ሰፊ፥ በሌላው ጫፍ ጠባብ ነው። አንቴናው የቆመው በሰፊው በኩል ነበር። ወደ ግቢው ሌላ ማዕዘን ቢዛወርስ? በዚያ በኩል ሜትሩን ብንዘረጋ ሞገዱ የሚያልፍበት የዛፍ ጥልቀት 20 ሜትር ብቻ ሆነ። ተሰላ። በዋይስበርገር 12.8፥ በኮሚቴው 16.2 ዴሲቤል። ሁለቱ ቀመሮች አሁንም አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ሁለቱም ከ23 ያነሱ ናቸው። በሚያዝነው ቀመር 10 ዴሲቤል፥ በሚጨክነው ቀመር ከ6 ዴሲቤል በላይ መጠባበቂያ ይተርፋል።

የግምት ጥቅሙ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ግምት እውነተኛውን ቍጥር አይነግረንም። ነገር ግን ሁለት የማይስማሙ ምስክሮች በአንድ ነገር ላይ ሲስማሙ፥ ዳኛው ያን ነገር ሊቀበለው ይችላል። የግቢው ማዕዘን ከመጥረቢያው ይሻላል።

ቀመሩ የማያያቸው ነገሮች

ነገር ግን አንባቢ ቀመርን እንዲያመልክ አንሻም። ቀመሩ የማያያቸውን ጥቂቶቹን እንዘርዝር።

አንደኛው ወቅት ነው። በኤውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ዛፎች በክረምት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ፒ. 833 በሚል ቍጥር ባወጣው የውሳኔ አሳብ እንደ ተገለጸው፥ በ1 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ቅጠል ያለበት ዛፍ ቅጠል ከሌለበት በየሜትሩ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ዴሲቤል ይወስዳል። በዚያ አገር መሣሪያውን በክረምት የተከለ ሰው በጸደይ ሊደነቅ ይችላል። የኛ ባሕር ዛፍ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ምሕረት የሚያደርግበት ወር የለውም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ የሚደርሰው ኃይል ከፍና ዝቅ ይላል። ጸጥ ባለ ጧት የተለካ መገናኛ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። መጠባበቂያውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም አሟጦ ማቀድ የማይገባው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የአንቴናው አቋቋም ነው። የዛፍ ግንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለ ሆነ፥ እስከ 1 ጊጋ ኸርዝ ባለው ፍሪኩዌንሲ ቀጥ ብሎ የሚወዛወዘው ሞገድ አግድም ከሚወዛወዘው ይልቅ የሚጐዳው ይበዛል። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሰው አንቴናውን በማጋደም ብቻ ጥቂት ዴሲቤል ሊያተርፍ ይችላል።

አራተኛው «የሚያይ ዓይን ይበቃል» የሚለው እምነት ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ወዲያኛውን ምሰሶ በዓይኑ ካየ መንገዱ ንጹሕ ነው ይላል። ሞገድ ግን እንደ ክር ቀጭን አይደለም፤ በመካከሉ እንደ እንዝርት ያበጠ ቦታ ይፈልጋል። 10 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የ5.8 ጊጋ ኸርዝ መገናኛ መካከል ላይ፥ ይህ እንዝርት ከማየት መሥመሩ እስከ ጠርዙ 11 ሜትር ያህል ይሰፋል። ቢያንስ ከዚህ ስድሳ በመቶው፥ ማለት ወደ 7 ሜትር የሚጠጋው፥ ነጻ ሊሆን ይገባዋል። የዛፉ ጫፍ ከመሥመሩ በታች ሆኖ ሳለ መገናኛው የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛውና ለአገራችን ከሁሉ የሚብሰው እድገት ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከተቈረጠ በኋላም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ዛሬ ንጹሕ የሆነው መንገድ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝግ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬውን ዛፍ ብቻ የሚለካ መሐንዲስ የነገውን ረሳ። ዛፉን የሚያስቈርጥ ኃላፊም ችግሩን አላጠፋም፤ ቀጠሮ ሰጠው እንጂ።

ስለ ወጣት ኃላፊዎችና ስለ ተማሪዎች

ወጣት ኃላፊ የሆነ አንባቢ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ሞገዱ በዛፍ ውስጥ የሚያልፈው ስንት ሜትር ነው? የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ስንት ነው? መጠባበቂያውስ ስንት ዴሲቤል ነው? እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መልሱን የማያውቅ የቴክኒክ ሠራተኛ ካለ፥ ሄዶ ለክቶ እንዲመጣ ማዘዝ የኃላፊው ሥልጣን ነው። መልሱ ከመጣ በኋላ ምርጫው ብዙ ይሆናል። አንቴናውን ማዛወር አለ፤ ምሰሶውን ከፍ ማድረግ አለ፤ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ መሥራት አለ፤ በመካከል ሌላ አቀባባይ ምሰሶ ማቆም አለ። መጥረቢያ ከምርጫዎቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ይሁን። ዛፉ መቈረጥ ግድ ሆኖ ከተገኘም፥ ለባለቤቱ «ዓይናችን ጋርዷል አለ» ከማለት ይልቅ ቍጥሩን ማሳየት የፍትሕ ሥራ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በፓክ ቾንግ የተለካው የታይላንድ ጫካ ነው። የዋይስበርገር ቀመር የቆመው በሌሎች አገሮች ዛፎች ላይ ነው። የኛ አገር ደን ግን የራሱ መልክ አለው። በወንዝ ዳር ተሰልፎ የቆመ ባሕር ዛፍ አለ። በሰሜን አብያተ ክርስቲያናቱን የከበበ የጥድና የወይራ ደን አለ። በደቡብ ምዕራብ ቡናን ያጠለለ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ። ለእያንዳንዱ የሚስማማው ቍጥር በመጽሐፍ ተጽፎ ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። አንድ ላኪ፥ አንድ ተቀባይ፥ አንድ የሜትር ገመድና ትዕግሥት ያላቸው ሁለት ተማሪዎች ከተገኙ ልኩ ይለካል። መጀመሪያ በሜዳ ላይ፥ ቀጥሎ በዚያው ርቀት ዛፉን በመካከል አድርጎ መለካትና አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው። ይህንኑ በደረቁም በዝናቡም ወር መድገም ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው አገር መገናኛውን ሲያቅድ በሰው ዛፍ ልክ የራሱን ልብስ አያሰፋም።

የጤና ጣቢያው አንቴና በማግሥቱ ለሙከራ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ተዛወረ። መሣሪያው ያሳየው ቍጥር ከሁለቱ ቀመሮች ከአንዳቸውም ጋር በልክ አልገጠመም። ቢሆንም የተረፈው መጠባበቂያ የሚበቃ ነበር፤ መልእክቱም ሳይቋረጥ ዋለ። ወጣቱ ኃላፊ ደብዳቤውን አጥፎ ከመሳቢያው ከተተውና፥ ለሽማግሌው፥ «አባባ፥ በጠባቡ በኩል ብቻ አዲስ ዛፍ እንዳይተክሉብን» አላቸው።

እርሳቸውም ወደ ተክላቸው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «እሺ ልጄ፤ እኔ በዚያ በኩል አልተክልም። እናንተም ሁለተኛ ስትመጡ ገመዱን አስቀድሙ፥ ወረቀቱ ይከተል» ብለው መለሱለት።

እኛም ከዚህ የበለጠ ምክር የለንም።